ግላዲዮለስና ደዌዎቹ፤ ምልክትን የማንበብና በሽታን የማከም ታሪክ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂል ለሰው ልጅ የተነገረ ቢሆንም፣ ግላዲዮለስ ለሚባለው አበባ ታሪክም በእጅጉ ይስማማል። ይህ ተክል በንግድ እርሻ ላይ የሚራባው በዘር ሳይሆን፣ ኮርም ተብሎ በሚጠራው፣ በአፈር ውስጥ በሚያድገውና የሽንኩርት ራስ በሚመስለው ክፍሉ ነው። ኮርም በደረቅ ገለባ የተሸፈነ፣ ጠንካራ፣ በሣጥን ተጭኖ የረጅም ጊዜ የባሕር ጉዞ የሚችል ነገር ነው። አበባውን ለዓለም ገበያ ያበቃውም ይኸው ጠባዩ ነው። ይሁን እንጂ ተባይን ከገለባው ሥር፣ ፈንገስን ከእምብርቱ ውስጥ ሸሽጎ ከአገር ወደ አገር ያጓጓዘውም ያው ኮርም ነው። ገዢው ጤነኛ መስሎት የተቀበለው ሣጥን ከጥቂት ወራት በኋላ እርሻውን የሚያጠፋ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከዚህ የተነሣ የግላዲዮለስ ተባይና በሽታ ታሪክ በመሠረቱ ምልክትን የማንበብ ታሪክ ነው። በየዘመኑ ብርቱ መርዝ ፍለጋ የተሯሯጡት አምራቾች ያገኙት እፎይታ አጭር ነበር፤ ዘላቂው ውጤት የተገኘው ደዌው በትክክል ተለይቶ፣ የሚተከለው ኮርም ራሱ ንጹሕ እንዲሆን በተደረገ ጊዜ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአበባው መነሻና ስደት

ግላዲዮለስ የሚለው ስም ከላቲን ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን «ትንሽ ሰይፍ» ማለት ነው፤ ስያሜው የመጣው ሰይፍ ከሚመስለው ቅጠሉ ነው። ከ250 በላይ ከሆኑት ዝርያዎቹ መካከል አብዛኞቹ አፍሪካውያን ናቸው፤ ብዙዎቹም በደቡብ አፍሪካ ይገኛሉ። በኢትዮጵያም በዱር የሚበቅሉ ዝርያዎች አሉ። በ1837 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በ1878 በዓድዋ እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ዕፅዋት ሲሰበስብ የኖረው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር ወደ አውሮፓ ከላካቸው ተክሎች መካከል፣ ነጭ ሆኖ እምብርቱ ወይን ጠጅ የሆነ መዓዛማ አበባ ይገኝበታል። ሆክሽቴተር የተባለው የዕፅዋት ሊቅ ይህን ተክል በ1844 አሲዳንቴራ ብሎ ሰየመው። በኋላ ግን ከግላዲዮለስ ወገን መሆኑ ስለ ታወቀ ዛሬ ግላዲዮለስ ሙሪየሌ ይባላል፤ የባሕር ማዶ አትክልተኞችም «የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ» እያሉ ይጠሩታል።

ሺምፐር ኢትዮጵያ በገባበት በዚያው በ1837 በቤልጅግ አገር በአንጊየን ከተማ የመስፍን አረንበርግ አትክልተኛ የነበረው ቤዲንግሃውስ ሁለት የአፍሪካ ዝርያዎችን አዳቀለ። ከወላጆቹ አንዱ ዛሬ ግላዲዮለስ ዳሌኒ የሚባለው፣ ከደቡብ አፍሪካ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ በዱር የሚገኘው ዝርያ ነው። የዚህ ድቅል ኮርም በ1841 በጌንት ከተማ በነጋዴው ሉዊ ቫን ሁት እጅ ለገበያ ቀረበ፤ ከከተማይቱ ስም የተነሣም ጋንዳቬንሲስ ተባለ። ከዚያ በኋላ በፈረንሳይ የፎንቴንብሎው ሱሼና የናንሲው ሌሞይን ሥራውን አስፋፉት። አዳዲስ ቀለማት፣ ትልልቅ አበቦችና ረጃጅም ዘንጎች ተገኙ።

አንድ መሐንዲስም በዚህ ታሪክ ውስጥ ስፍራ አለው። በ1905 በተመረቀው የቪክቶሪያ ፏፏቴ ድልድይ ሥራ ላይ የነበረው ፍራንሲስ ፎክስ፣ ከፏፏቴው አጠገብ የበቀለ ቢጫ ግላዲዮለስ አግኝቶ ኮርሙን ወደ እንግሊዝ ላከ። የዚህ አበባ የላይኛው ቅጠል እንደ ቆብ ወደ ፊት የተደፋ በመሆኑ የፏፏቴው እርጭት የአበባውን ዱቄት አያርሰውም። ይህ ቢጫ ዝርያ ከአውሮፓውያኑ ድቅሎች ጋር ሲዳቀል አዲስ የቀለም ወገን ተወለደ።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን ጥቂቶች ብቻ ያስተዋሉት አንድ ነገር ነበር። የአንድ ዓይነት ኮርሞች ሁሉ የአንዲት እናት ቅጂ ናቸው። እናቲቱ የምትሸነፍለት ደዌ ልጆቿን ሁሉ ያሸንፋል፤ በእናቲቱ ውስጥ የተደበቀውም ለልጆቿ ሁሉ ይተላለፋል። በሰፊ መሬት ላይ አንድ ዓይነት ኮርም መትከል በተለመደ ጊዜ እርሻው ሁሉ እንደ አንድ ተክል ሆነ።

ከገለባው ሥር የተደበቀው ተባይ

ከሁሉ አስቀድሞ አምራቾችን ያስደነገጠው ትሪፕስ የሚባለው ጥቃቅን ነፍሳት ነው። ርዝመቱ ከአንድ ሚሊሜትር ተኩል እምብዛም አይበልጥም፤ የጎለመሰው ጥቁር ቡናማ፣ ጨቅላው ቢጫ ነው። ሞሪሰን የተባለ ሊቅ በ1930 ከአውስትራሊያ በተገኘ ናሙና ሳይንሳዊ ስም ሰጠው። በማግሥቱ ዓመት ይኸው ተባይ በሰሜን አሜሪካ ሲገኝ ሌሎች ሊቃውንት አዲስ ዝርያ መስሏቸው ሁለተኛ ስም አወጡለት። ትውልዱ ግን ከአፍሪካ እንደ ሆነ ይታመናል፤ ወደ ሁለቱ አህጉሮች የደረሰው አስተናጋጁን ተከትሎ ነበር።

ትሪፕስ ቅጠሉን እየፋቀ ጭማቂውን ስለሚመጥ፣ በቅጠሉ ላይ ብርማ ሰረዞች ይታያሉ። አበባው ቀለሙን ያጣል፤ ጥቃቱ የበረታ እንደ ሆነም እምቡጡ ከሽፋኑ ሳይወጣ ይደርቃል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ አምራቾች ይህን ምልክት የድርቅ ወይም የፀሐይ ቃጠሎ ውጤት አድርገው በመቁጠር ውኃ ጨመሩ። ውኃው እምቡጡን አላዳነውም፤ አበባው ከተቆረጠ በኋላም ተባዩ ከቅጠሉ ወርዶ ከኮርሙ ገለባ ሥር ገባና በመጋዘን ውስጥ ሲመገብና ሲራባ ከረመ። ኮርሙ ሲገለጥ ገጹ ሻካራ፣ ቡናማና የሚያጣብቅ ሆኖ ተገኘ።

ተባዩ የሚከርምበት ስፍራ በታወቀ ጊዜ መድኃኒቱም ተገኘ። በ1930ዎቹ ከተለመዱት ዘዴዎች አንዱ ለ100 ኮርም 28 ግራም ያህል የናፍታሊን ቅንጣት በትኖ፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ማቆየት ነበር፤ ልብስን ከብል የሚጠብቀው ናፍታሊን ኮርምንም ከትሪፕስ ጠበቀ። ሌላው መንገድ ከዚህም የቀለለ ነበር። የትሪፕስ ዕድገት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ስለሚገታ፣ ኮርሙን ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ለአራት ወራት ያህል ማስቀመጥ ተባዩን ያለ አንዳች መርዝ ያጠፋዋል። በመስክ ላይ ሳለ ግን አምራቾች የአርሴኒክና የአንቲሞኒ ውሁዶችን ከስኳር ጋር በጥብጠው ይረጩ ነበር፤ ስኳሩ ተባዩን ይስባል፣ መርዙ ይገድለዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ እነዚህን ሁሉ ተካ።

መልካቸው የተቀራረበ፣ ጠባያቸው የተለያየ

ትሪፕስ በአጉሊ መነጽር የሚታይ ጠላት በመሆኑ እርሱን ለይቶ ማወቅ ያን ያህል አላስቸገረም። ኮርምን የሚያበሰብሱት ደዌዎች ግን ለረጅም ጊዜ በአንድነት «መበስበስ» ተብለው ብቻ ይጠሩ ነበር። ለሁሉም አንድ መድኃኒት ይሰጥ የነበረውም ስለዚህ ነው። የሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ሊቃውንት ትልቁ ውለታ ይህን አንድ ስም በብዙ ስሞች መተካታቸው ነው።

በ1913 ሴቬሪኒ በኢጣሊያ፣ በ1921 ደግሞ ሉሲያ ማክኩሎክ የተባለች የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪ ግላዲዮለስን የሚያጠቃ ባክቴሪያ ገለጡ። የዚህ ባክቴሪያ ምልክት በኮርሙ ገጽ ላይ የሚታይ ክብ፣ ጎድጓዳና በቫርኒሽ የተቀባ ይመስል የሚያብረቀርቅ ቁስል ነው። ቁስሉ ብዙውን ጊዜ ከገጽ አያልፍም፤ በጣት ሲፋቅ ቅርፊቱ ይነሣል።

በ1926 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ማሴ ፉዛሪየም የሚባለው ፈንገስ የሚያመጣውን መበስበስ ገለጠ። ይህ ከባክቴሪያው ፈጽሞ ይለያል። ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ይቢጫል፤ የአበባው ዘንግ ይጎብጣል፤ ኮርሙ ከታች በኩል ቡናማ፣ ደረቅና ክብ በክብ የሆነ ጠባሳ ያወጣል። ኮርሙ በቢላዋ ሲሰነጠቅ ቡናማው ቀለም ከእምብርቱ ተነሥቶ በውኃ ማስተላለፊያ ሥሮቹ በኩል ሲዘልቅ ይታያል። ደዌው በገጽ ላይ ሳይሆን በሥጋ ውስጥ ነው፤ አፈሩም ለዓመታት ይበከላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለ ኮርም ከውጭ ሲታይ ጤነኛ መምሰሉ ነው።

በ1941 በሆላንድ ቲመርማንስ ሦስተኛውን፣ ቦትራይቲስ የተባለውን ፈንገስ ለየች። ይህ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር የሚወድ ሲሆን፣ በቅጠልና በአበባ ላይ ጥቃቅን ቡናማ ነጠብጣቦችን ያወጣል፤ የኮርሙን እምብርት እንደ ስፖንጅ አለስልሶ ያበሰብሳል። ፉዛሪየም በአንጻሩ ሞቃት አፈር ይስማማዋል። ስለዚህ በአንዱ ላይ የሚሠራው ጥንቃቄ ሌላውን ሊረዳ ይችላል፤ እርሻን አቀዝቅዞና አርሶ ማቆየት ፉዛሪየምን ቢገታ ቦትራይቲስን ይጋብዛል።

ከእነዚህ ጎን የቫይረስ በሽታዎች ይቆጠራሉ። የባቄላ ወገን የሆኑ ሰብሎችን የሚያጠቃው ቢጫ ሞዛይክ ቫይረስ በግላዲዮለስ ውስጥ እምብዛም ምልክት ሳያሳይ ይኖራል፤ ክሽክሽ ከዚያ ወስዶ ወደ ባቄላና ወደ አደንጓሬ ያሸጋግረዋል። በቫይረስ ለተያዘ ኮርም መርጨትም ሆነ መንከር አይረዳውም፤ ነቅሎ ማስወገድ ብቻ ነው።

የመርዝ ዘመንና ዋጋው

ሊቃውንቱ ደዌዎቹን ይለዩ እንጂ አምራቹ የያዘው ልማድ በቶሎ አልተለወጠም። ኮርሙን ከመትከሉ በፊት በባዜቃ ውሁድ መንከር ለብዙ ዓመታት የተለመደ ሥራ ሆነ። ይህ ዘዴ በገጽ ላይ ያለውን ባክቴሪያና ከገለባው ሥር ያለውን ትሪፕስ ይገድል ነበር፤ ስለዚህም አምራቾች አመኑበት። ከኮርሙ ሥጋ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ፉዛሪየም ግን ባዜቃው አይደርስም። አምራቹ በየዓመቱ ነከረ፣ በየዓመቱም በሽታው ተመለሰ። ጥፋቱ የመድኃኒቱ መድከም ሳይሆን በሽታው ያለበትን ስፍራ አለማወቅ ነበር።

የባዜቃ አደጋ በ1971 እና በ1972 በኢራቅ በግልጽ ታየ። ለዘር ብቻ የታሰበና በባዜቃ ውሁድ የታሸ ስንዴ እንጀራ ሆኖ ተበልቶ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። በ1972 የአሜሪካ መንግሥት ዲዲቲን ከእርሻ ላይ አገደ። በ1968 ለገበያ የቀረበውና በተክል ሥጋ ውስጥ ዘልቆ የሚገባው ቤኖሚል ታላቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ ነገር ግን በ1974 ይህን ወገን መድኃኒት የተላመደ የግላዲዮለስ ፉዛሪየም መገኘቱ ከፍሎሪዳ ተገለጠ። የፈንገሱ ልጆች መድኃኒቱን ለመልመድ የወሰደባቸው ጊዜ አንድ አዲስ መድኃኒት ለመሥራት ከሚወስደው ጊዜ ያጠረ ነበር።

ውኃ፣ ሙቀትና ሰዓት

ዘላቂው መፍትሔ የመጣው ከመርዝ ቤት ሳይሆን ከቴርሞሜትርና ከውኃ ገንዳ ነው። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። የዴንማርኩ የንስ ሉድቪግ የንሰን በ1880ዎቹ የእህል ዘርን በሙቅ ውኃ ነክሮ አረማሞን እንደሚያጠፋ አሳይቶ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ራምስቦተም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ናርሲስ የተባለውን አበባ ሊያጠፋ የተቃረበውን ነማቶድ፣ የአበባውን ራሶች በ43 ዲግሪ ሙቅ ውኃ ውስጥ ለሦስት ሰዓታት ወይም ለዚያ ለተቃረበ ጊዜ በማቆየት አሸነፈው። ሁለቱም የተመሠረቱት ተባዩ ከተክሉ ትንሽ ቀደም ብሎ በሙቀት ይሞታል በሚለው ሐሳብ ላይ ነው። በሁለቱ ሞት መካከል ያለው ጠባብ ልዩነት የሕክምናው በር ነው።

ይህ ዘዴ በግላዲዮለስ ላይ ሲሞከር አንድ ችግር ገጠመው። ትልቅ ኮርም ሲነከር ሙቀቱ እስከ እምብርቱ ከመድረሱ በፊት የውጭው ሥጋ ይቀቀላል። ለመሐንዲስ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሙቀት በአንድ አካል ውስጥ ዘልቆ ለመግባት የሚወስደው ጊዜ ከስፋቱ ጋር በካሬ ያድጋል። የኮርሙ ዲያሜትር እጥፍ ቢሆን የሚያስፈልገው ጊዜ ወደ አራት እጥፍ ይሄዳል። ስለዚህ መፍትሔው ትልቁን ኮርም ትቶ ትንሹን መያዝ ነበር። እያንዳንዱ ኮርም በሥሩ አተር የሚያህሉ፣ ጠንካራ ቅርፊት ያላቸው ብዙ ግልገል ኮርሞችን ያፈራል። ሙቀት በእነርሱ ውስጥ በቶሎ ያልፋል፤ ዕረፍት ላይ ሳሉም ከትልቁ ኮርም ይልቅ ሙቀትን ይችላሉ።

በ1957 ሮይስታቸር፣ ቤከርና ባልድ የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፉዛሪየምን ከግልገል ኮርም የሚያጠፋውን የሙቅ ውኃ አሠራር አሳተሙ። በፍሎሪዳም በብራደንተን የምርምር ጣቢያ ሮበርት ማጊ ተመሳሳይ ሥራ ለብዙ ዓመታት አካሄደ። አሠራሩ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። ግልገል ኮርሞቹ በሞቃት ወራት እንዲጎለምሱ ተደርጎ፣ ከተነቀሉ በኋላ በሚገባ ደርቀው ዕረፍት ላይ እንዲገቡ ይቆያሉ። ከዚያም ለሁለት ቀናት በተራ ውኃ ይዘፈዘፋሉ፤ የሚንሳፈፉት የታመሙ ወይም ባዶ ስለ ሆኑ ይጣላሉ። መዘፍዘፉ ሌላ ጥቅምም አለው፤ የራሰ ፈንገስ ከደረቀው ይልቅ በሙቀት ቶሎ ይሞታል። ቀጥሎ በ57 ዲግሪ ሙቅ ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቆዩና ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ይቀዘቅዛሉ፤ በመጨረሻም በነፋስ ፈጥነው ይደርቃሉ።

በዚህ ሥራ ውስጥ የሁለት ወይም የሦስት ዲግሪ ስሕተት ታላቅ ዋጋ አለው። ሙቀቱ ቢያንስ ፈንገሱ ይተርፋል፤ ቢበዛ ኮርሙ ይሞታል። ብዙ ኮርም በአንድ ጊዜ ወደ ትንሽ ገንዳ ቢጨመር የውኃው ሙቀት ይወርዳል፤ ውኃው ካልተማሰለም በገንዳው ማዕዘንና በመካከሉ መካከል ልዩነት ይፈጠራል። ስለዚህ የውኃው መጠን ከኮርሙ እጅግ የበዛ፣ ማማሰያው የማያቋርጥ፣ ቴርሞሜትሩም የተፈተሸ መሆን አለበት። በሽታውን የለዩት የዕፅዋት ሊቃውንት ናቸው፤ ፈውሱን ግን በየእርሻው እውን ያደረገው የሙቀት ቁጥጥር ጥበብ ነው።

ይህም ሆኖ ንጹሕ ኮርም በተበከለ አፈር ላይ ቢተከል ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ በሙቅ ውኃ የታከሙት ግልገሎች ግላዲዮለስ ተተክሎበት በማያውቅ ወይም በታከመ መሬት ላይ ለብቻቸው ይራባሉ፤ አምራቹም ለገበያ ከሚያውለው ለይቶ የእናት ማሳ ይይዛል። በየጊዜው እየተመላለሰ የታመመውን ከነአፈሩ ይነቅላል። የሕክምናው ግማሽ ገንዳው ሲሆን፣ ሌላው ግማሽ ይህ ትዕግሥት ነው።

የዋጉ መምጣት

ኮርምን ማንጻት በተቻለ ጊዜ ሌላ ጠላት በሌላ መንገድ መጣ። የግላዲዮለስ ዋግ በ1876 ከደቡብ አፍሪካ በተገኘ ናሙና የታወቀ ነው። በአፍሪካ ምሥራቅና ደቡብ ከዱር ዝርያዎች ጋር ሲኖር ከቆየ በኋላ፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሜዲትራንያን አካባቢ ታየ። በ1979 በአርጀንቲና፣ በ1981 በብራዚል፣ በ2004 በሜክሲኮ ተገኘ፤ በ2006 ደግሞ ወደ ፍሎሪዳና ወደ ካሊፎርኒያ ገባ። አበባው ከመቶ ዓመት በፊት የሄደበትን መንገድ ዋጉ ዘግይቶ ተከተለው።

ይህ ዋግ ለማወቅ የማያስቸግር ምልክት አለው። የስንዴን ዋግ ያየ ሰው ብናኙ በቅጠሉ ርዝመት መሥመር ሠርቶ እንደሚወርድ ሊያስታውስ ይችላል። የግላዲዮለስ ዋግ ግን ብርቱካንማ ብናኙን ቅጠሉን አቋርጦ በአግድም ይደረድራል። ትራንስቨርሳሊስ የተባለውም ስለዚህ ነው፤ ትርጉሙ «አግድም» ማለት ነው። የሚጓዘውም በተለይ በተቆረጠ አበባና በቅጠል ላይ ስለ ሆነ የሙቅ ውኃ ገንዳ አያስቆመውም። የሚያስቆመው በወደብና በአውሮፕላን ጣቢያ የቆመው መርማሪ ዓይን፣ በእርሻውም የታመመውን ቅጠል ፈጥኖ የሚያቃጥል እጅ፣ በሁለት ተከላዎች መካከል መሬቱን ከግላዲዮለስ ባዶ የሚያደርግ የዕረፍት ጊዜ ነው።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከግላዲዮለስ ወላጆች አንዱ በምድሯ ይበቅላል፤ «የአቢሲኒያ» የተባለውም ዝርያ ከእርስዋ ነው። ያዳቀሉት አውሮፓውያን የወሰዱት ውበቱን ነበር፤ በዱር ዘመዶቹ ውስጥ ያለው በሽታን የመቋቋም ጠባይ ግን ገና በሚገባ አልተመረመረም። ከውጭ የሚገባ አንድ ሣጥን ኮርም ከአበባው ጋር ፉዛሪየምን ለአፈሩ፣ ቢጫ ሞዛይክ ቫይረስን ለባቄላው ማሳ ይዞ ሊገባ ይችላል። ለአበባ ሲባል የአንድ ገበሬ የባቄላ ሰብል ቢጠፋ ኪሳራው ከአበባው ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ግላዲዮለስን ከባቄላ ማሳ አርቆ መትከል፣ ሣጥኑንም ከመትከል በፊት መመርመር የአበባ ወዳድ ብቻ ሳይሆን የእህል አምራቹም ጉዳይ ነው።

ምርመራው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ከየሣጥኑ ጥቂት ኮርም አውጥቶ ገለባውን መግለጥ፣ ገጹ የሚያጣብቅ ወይም የሚያብረቀርቅ ቁስል ያለበት መሆኑን መመልከት፣ ጥቂቶቹንም በቢላዋ ሰንጥቆ እምብርታቸውን ማየት ይበቃል። ሻካራና የሚያጣብቅ ገጽ ወደ ቅዝቃዜ፣ የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ወደ መለየትና ወደ ማስወገድ፣ ቡናማ እምብርት ደግሞ ሣጥኑን በሙሉ ወደ መመለስ ይመራል። ለመረመራ የተሰነጠቁት ኮርሞች ለመትከል አይሆኑም፤ የቀረውን እርሻ ያዳኑት ግን እነርሱ ናቸው።